የአሥር ሰዓት ሻይ

በከዚራ ጥላ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ወንበሬን አስጠግቼ ከለገሀር አጥር፣
ሻይ ሳዝዝ ሁልጊዜ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣
ይስቁብኛል ልጆች፦ «መጣ የመርከብ ሻይ!»

ይሳቁ። እውነት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት
ትሪ ይዤ ኖርኩኝ፣ በውሃ ላይ ቤት፤
ስድስቱን ከእንግሊዝ፣ ስድስቱን ካሜሪካ፤
ባሕሩ አንድ ሲሆን፣ ሰው ይለያል ለካ።

ደቻቱ አሸዋ ነው ዓመቱን በሙሉ፤
መርከብ ያየ የለም ከነዚህ ከሁሉ።
«ምኑ ነው ልዩነቱ?» ይለኛል ዚያድ፣
«ሁለቱም ፈረንጅ፣ ቋንቋቸውም አንድ።»

አንድስ አይደለም፣ ዚያድ። ስማኝ ልንገርህ፣
እንግሊዙ ሲከፋው ምን ይላል መሰለህ?
«መጥፎ አይደለም» ይላል፣ ሾርባው ቀዝቅዞበት፣
«አመሰግናለሁ» ይላል፣ ዓሣው አሮበት።
ያንን ቃል መፍታቱ ፈጀብኝ አንድ ዓመት።

አሜሪካኑ ግን ሾርባው ቢቀዘቅዝ፣
ሦስት ፎቅ ይሰማዋል ሌላ ሾርባ ሲያዝዝ፤
ወዲያው ይረሳዋል፤ ትከሻዬን ይዞ፣
የልጅ ልጁን ፎቶ ከቦርሳው መዝዞ፣
የደረቴን ታርጋ በጣቱ ቆጥሮ፣
«ሼኪ!» ብሎኝ ያርፋል፣ ስሜን አሳጥሮ።

ደግሞ በረዶውስ! ውሃው እስከማይታይ፣
ብርጭቆው ተሞልቶ እስከ ጫፉ ላይ፤
በአላስካ ብርድ እንኳ፣ ግግሩ እያለ፣
በረዶ የሌለው ውሃ፣ ውሃ አልተባለ።
እንግሊዙ ደግሞ ሐሩር ላይ ቁጭ ብሎ፣
ሻይ ይጠጣል በወተት፣ ከራባት አንጠልጥሎ።
ይሄስ ገብቶኛል፤ የድሬ ልጅ አይደለሁ?
ሙቀትን በትኩስ መምታቱን አውቃለሁ።

እንግሊዝ ለእራቱ ጥቁሩን ይለብሳል፣
ሙሽራ ይመስላል፤ ወይ ቀባሪ ይመስላል።
አሜሪካኑ ግን በቁምጣው ይመጣል፣
ጉልበቱን ፀሐይ ልጦት፣ ሳቁ ይቀድመዋል።

ጉርሻ የሚሉትን አሜሪካ ሲሰጥ፣
በግልጽ ነው፣ በደረሰኝ፣ መቶኛው ሳይለወጥ፤
የእንግሊዙ እጅ ግን ብር ሲሰጥ ያፍራል፣
የሰረቀ ይመስል ግራ ቀኙን ያያል።

አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ባለ ነጭ ጢም፣
አሥራ አራት ሌሊት ስሜን አልጠየቀኝም።
አልጋውን አነጥፋለሁ፤ «አመሰግናለሁ» ይላል፤
መጋረጃውን እገልጣለሁ፤ ባሕሩን ያያል።
የወረደ ዕለት ግን፣ ትራሱን ሳነሣ፣
ፖስታ አገኘሁ፤ ስሜ አንድ ፊደል ሳይረሳ፤
ሸኪብ አብዱልናስር፣ አያቴ ሳይቀር፤
ማንን ጠይቆ ይሆን፣ ለእኔ ሳይናገር?

ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ፣
የእህቴን ቤት ጠርጎ ከሰፈር ሲያወጣ፣
እኔ ባሕር ላይ ነኝ። ስልኩ ደወለልኝ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሳህኑ አመለጠኝ።
አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ከቴክሳስ የመጣች፣
«ምን ሆነሃል?» ብላ ክንዴን ጨበጠች፤
ነገርኳት። ተነሣች። ወንበር ላይ ወጣች።
«ስሙኝ!» ብላ ጮኸች፣ ባርኔጣ አዞረች።
መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ዚያድ፤
ምን መሬት አለና? ውሃ፣ ውሃ፣ ጉድ!
የእህቴ ጣሪያ ግን፣ ይኸውና ቆርቆሮው፣
በዚያች ባርኔጣ ነው እስከዛሬ የቆመው።

ስሟን አልጠየቅኋትም።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» ዚያድ አይለቅም።
እኛ ድሬዎች እኮ «እርስዎ» አናውቅም፤
ዳኛውንም «አንተ»፣ ሼኹንም «አንተ» ነው፣
ሙቀቱ ነው መሰል ቃሉን ያቀለጠው።

ትናንት አዲስ ልጅ ነው ሻዩን ያመጣልኝ፣
ከጎጃም የመጣ፤ ጎንበስ አለልኝ።
«ስኳር ልጨምርልዎ?» ሲለኝ በዝግታ፣
ዞር አልኩ ወደ ኋላ፣ በድንገት፣ ለአፍታ፣
ያ ባለ ነጭ ጢሙ ቆሞ እንደሁ ብዬ።
ማንም የለም። አጥሩ፣ ዛፉ፣ ጥላዬ።

«አንተ በለኝ» አልኩት።
ስሙንም ጠየቅኩት።